ጀነሬተር ጓዳ ውስጥ አይታፈን

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በድሬዳዋ መብራት እንደጠፋ ፋርማሲው፣ ፀጉር ቤቱ፣ ጭማቂ ቤቱ፣ የጥርስ ክሊኒኩ ሁሉም የየራሱን ጀነሬተር ያስነሳል። ስለ መብራት መቆራረጥ ጋዜጦች ብዙ ይጽፋሉ። ያ ጀነሬተር የት ተቀምጦ፣ በምን አየር ተነፍሶ እንደሚሠራ ግን ብዙም አይነሳም። እኛ በዚሁ ከተማ ጀነሬተር የምንገጥምና የምንጠግን ባለሙያዎች ነን። በድሬ ሙቀት ጀነሬተርን ቶሎ የሚጨርሰው መታፈን ነው፤ ጀነሬተሩን የሚያፍነው ክፍል ደግሞ ሰውም ይገድላል። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ስለዚህ ነው።

ባለሱቆች ጀነሬተሩን ወደ ጓዳ የሚያስገቡበት ምክንያት ይገባናል። ውጭ ካደረ ይሰረቃል፤ ድምፁ ደንበኛ ያሸሻል፤ ጎረቤት ይቆጣል። ስለዚህ ከዚራም ሆነ መጋላ፣ ሳቢያንም ሆነ ገንደ ቆሬ፣ ከሱቁ ጀርባ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር የሆነች ክፍል በብሎኬት ትሠራለች፤ ቆርቆሮ ትለብሳለች፤ አንድ የብረት በርና ከጣሪያው ሥር አንዲት ቀዳዳ ይኖራታል። ቀዳዳዋ ለአየር ተብላ የተተወች ናት። ምን ያህል አየር እንደሚያስፈልግ ግን ማንም አላሰላም።

እናስላው። 3 ኪሎዋት የተጻፈበት የቤንዚን ጀነሬተር ሙሉ ጭነት ሲይዝ በሰዓት ወደ 1.5 ሊትር ቤንዚን ያቃጥላል። አንድ ሊትር ቤንዚን ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት ይዟል፤ ስለዚህ በየሰዓቱ 13 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይቃጠላል። ከዚህ ውስጥ ሶኬት ላይ የሚደርሰው 2.5 ገደማ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ሙቀት ነው። ጭሱ በቱቦ ወደ ውጭ ከተመራ ከሙቀቱ ግማሽ ያህሉ አብሮት ይወጣል። የተረፈው ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ግን ከሲሊንደሩ ክንፎች፣ ከዘይቱና ኤሌክትሪኩን ከሚያመነጨው ዲናሞ እየወጣ እዚያው ክፍል ውስጥ ይፈስሳል። የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ባለሱቁ በዚያች ጠባብ ክፍል ወደ ሁለት የሚጠጋ ምጣድ ያለ እንጀራ ጥዶ በሩን ዘጋ ማለት ነው።

አየር ደግሞ ብዙ ሙቀት አይሸከምም። በድሬዳዋ ከፍታና ሙቀት አንድ ሜትር ኩብ አየር አንድ ኪሎ ገደማ ነው የሚመዝነው፤ 1 ኪሎዋት ሙቀት ያንን በአንድ ሰከንድ ውስጥ በ1 ዲግሪ ያሞቀዋል። ክፍሉ ከውጭው አየር ከ10 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ከተፈለገ፣ ለ6 ኪሎዋት በሰከንድ 0.6 ሜትር ኩብ አየር ገብቶ መውጣት አለበት፤ በሰዓት ከ2,100 ሜትር ኩብ በላይ ነው። 10 ሜትር ኩብ የምትይዝ ክፍል አየሯ በየ17 ሰከንዱ ሙሉ በሙሉ መለወጥ ይኖርበታል። 10 ዲግሪ ያልነው በምክንያት ነው። በግንቦትና በሰኔ ውጭው ብቻውን ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ የዲናሞው የሽቦ ጥቅል ደግሞ በብዛት የሚሠራው ለ40 ዲግሪ የአካባቢ ሙቀት ታስቦ ነው። 45 ላይ እንኳ ጭነት መቀነስ ያስፈልጋል። ጥቅሉ ከተፈቀደለት ሙቀት በላይ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሽፋኑ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል።

ሞቃት አየር በራሱ ወደ ላይ ስለሚወጣ ቀዳዳ ብቻ ይበቃል የሚሉ አሉ። መውጣቱን ይወጣል፤ ግን በዝግታ ነው። በታችኛውና በላይኛው ቀዳዳ መካከል 1.5 ሜትር ከፍታ ቢኖርና ክፍሉ ከውጭው በ10 ዲግሪ ቢሞቅ፣ በቀዳዳው የሚያልፈው አየር በሰከንድ ግማሽ ሜትር እንኳ አይጓዝም። በዚያ ፍጥነት 0.6 ሜትር ኩብ ለማሳለፍ ታችም 1.5 ካሬ ሜትር፣ ላይም 1.5 ካሬ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋል። ይህ የበር ያህል ስፋት ነው፤ ያውም ሁለት። ስለዚህ ያለው መንገድ ሁለት ነው፤ ወይ የክፍሉን አንድ ጎን ከላይ እስከ ታች በብረት ፍርግርግ መሥራት፣ ወይ ማራገቢያ መግጠም።

ግቢ ላለው ሰው ፍርግርጉን እንመክራለን። ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ራቅ ብሎ፣ በሲሚንቶ በተሠራ ከፍ ያለ መደብ ላይ፣ ጥላ ሥር፣ በፍርግርግ የታጠረ ጀነሬተር አይሰረቅም፤ አይታፈንምም። ከላይ ያለው ቆርቆሮ በቀትር እንደ ምጣድ ስለሚግል ከሥሩ አንድ ስንዝር ክፍተት ትቶ ሁለተኛ ላሜራ ወይም ኮምፔርሳቶ መምታት ሙቀቱን ይቀንሳል።

ግቢ የሌለው ማራገቢያ ይግጠም። 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የግድግዳ ማራገቢያ፣ ጀርባው ላይ በሰዓት 3,000 ሜትር ኩብ የሚል የተጻፈበት፣ ለ3 ኪሎዋት ጀነሬተር ይበቃል። ከ2,100 በላይ የሆነ የሚገዛው የተጻፈው ቁጥር ፊት ለፊቱ ምንም በሌለበት የተለካ ስለሆነ ነው፤ ወንፊትና ፍርግርግ ሲጋረድበት ይቀንሳል። የሚገጠመው ከጣሪያው ሥር፣ በማርሚታው (የጭሱን ድምፅ በሚያፍነው ቆርቆሮ) በኩል፣ አየር ወደ ውጭ እንዲያስወጣ ሆኖ ነው። ወደ ውስጥ የሚነፋ ማራገቢያ ስህተት ነው፤ ክፍሉን በአየር ይሞላና ጭሱን በበሩ ሥርና በግድግዳው ስንጥቅ ወደ ሱቁ ይገፋዋል። የሚስብ ከሆነ ግን አየሩ ከሱቁ ወደ ጀነሬተሩ እንጂ ከጀነሬተሩ ወደ ሱቁ አይሄድም። የማራገቢያው መስመር ከራሱ ከጀነሬተሩ ይወጣ፤ ጀነሬተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል፣ ረስቶ የሚተወው ሰው አይኖርም። የሚስበው 200 ዋት ገደማ ነው፤ ከሚያድነው ጋር ሲተያይ ብዙ አይደለም።

የመግቢያው ቀዳዳ በተቃራኒው ግድግዳ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ ቢያንስ 50 በ60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ይህ ንጹሕ ክፍተቱ ነው። ተጋዳሚ ላሜራ ከተገጠመበት ሲሶው እስከ ግማሹ ይሸፈናል፤ የወባ ትንኝ ወንፊት ከተለጠፈበትም በአሸዋና በአቧራ ተደፍኖ በሁለት ሳምንት ግድግዳ ይሆናል። አይጥ የማያስገባ የ1 ሴንቲ ሜትር የሽቦ መረብ ይበቃል። ቀዳዳው የሱቁ ፍሪጅ ወይም ኤርኮንዲሽን ትኩስ አየሩን በሚተፋበት አቅጣጫ ከሆነ ግን ድካሙ ከንቱ ነው።

ጀነሬተሩ ራሱ ሁለት ማራገቢያ አለው። አንዱ ገመዱ ከሚሳብበት ጎን አየር ስቦ በሲሊንደሩ ክንፎች ላይ ይነፋል፤ ሌላው በዲናሞው ጫፍ በኩል ስቦ ጥቅሉን ያቀዘቅዛል። ሁለቱም ያሞቁትን አየር የሚተፉት ወደ ማርሚታው በኩል ነው። ሁልጊዜ የሚታየው ስህተት ገመዱን ለመሳብ እንዲመች የዲናሞውን ጫፍ ከግድግዳ ጋር ማጣበቅ ነው። ሞተሩ ደህና ሆኖ ዲናሞው ወይም ቮልቴጅ ተቆጣጣሪው ብቻውን የሚቃጠልበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በሁሉም ጎን 1 ሜትር ክፍተት ይተው፤ የሚስቡት ጎኖች ወደ ታችኛው ቀዳዳ፣ ማርሚታው ወደ ማራገቢያው ይዙር።

ሥራው መሳካቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ዕጣን ይበቃል። ጀነሬተሩ ሠርቶ ማራገቢያው ሲዞር፣ የሚጤስ ዕጣን ይዛችሁ ከታችኛው ቀዳዳ ውጭ አጠገብ ቁሙ። ጭሱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወደ ውስጥ ከተሳበ መግቢያው ይሠራል። ቀጥሎ ዕጣኑን በሱቁ በኩል በበሩ ሥር ያዙት። ጭሱ ወደ ጀነሬተሩ ክፍል መሳብ አለበት፤ ወደ እናንተ ፊት ከተመለሰ ጀነሬተሩን አጥፉና በሩ ላይ የጎማ መዝጊያ አድርጉ፤ ማራገቢያውንም ደግማችሁ እዩት። ከዚያ አንድ ቴርሞሜትር ውጭ ጥላ ሥር፣ ሌላውን ገመዱ በሚሳብበት ጎን አንጠልጥሉ። ሙሉ ጭነት ላይ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ልዩነቱ ከ10 ዲግሪ ካለፈ ቀዳዳው ይስፋ።

አሁን ወደ ጭሱ። በዚህ ላይ ለዘብ ብለን መናገር አንችልም። የጀነሬተር ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይን አያቃጥልም። ደም ውስጥ ከሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ጠንክሮ ስለሚጣበቅ ሰውነትን ከውስጥ ያፍነዋል። የቤንዚን ሞተር ከናፍጣው በጣም የበለጠ ያወጣል። ክብደቱ ከአየር ጋር ስለሚቀራረብ ከላይም ከታችም አይለይም፤ ክፍሉን ሁሉ ይሞላል፤ ስለዚህ መስኮት መክፈት ብቻ ዋስትና አይሆንም። በድሬዳዋ ነገሩን የሚያከብደው የመጀመሪያው ምልክት ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና ድካም መሆኑ ነው። እዚህ አገር ራሱን ያመመው ሰው ሙቀቱ ነው ይላል። በበርጫ ክፍል የተቀመጠም ምርቃናው ሲበርድ የመጣበት ድካም ይመስለዋል። ጋደም ይላል፤ እዚያው ይቀራል። ጀነሬተር በሚሠራበት ሰዓት አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ሙቀት ነው ብላችሁ አትለፉት። ሁላችሁም ውጡ፤ ጀነሬተሩ ይጥፋ፤ የወደቀ ካለ ወደ ንጹሕ አየር አውጡትና ወዲያው ሐኪም ቤት አድርሱት። ለሐኪሙም ጀነሬተር ይሠራ እንደነበር ንገሩት፤ ሕክምናው ኦክስጅን ነውና። በባትሪ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ የሚገኝ ከሆነ ሰው በሚተኛበት ክፍል ይሰቀል።

የጭስ ቱቦውን በተመለከተ ብዙ ሰው ብረት ቱቦ በቀጥታ ማርሚታው ላይ ይበይዳል። ጀነሬተሩ በጎማ እግሩ ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ቱቦው ግድግዳ ውስጥ ቆሟል፤ ስለዚህ ብየዳው በጥቂት ሳምንታት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ከሥር በኩል ስለሆነ አይታይም፤ ጥቁር ጥላሸት ብቻ ይተዋል። በመካከል ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ተጣጣፊ የብረት ቱቦ ይግባ፤ ዋናው ቱቦ በማርሚታው ላይ እንዳይንጠለጠል ግድግዳው ላይ በራሱ ማሰሪያ ይታሰር። ማርሚታው መውጫው 25 ሚሊ ሜትር ከሆነ ቱቦው 50 ይሁን፤ ርዝመቱ ከ3 ሜትር፣ መታጠፊያውም ከሁለት አይብለጥ፤ ሲታጠፍም በሰፊው ይታጠፍ። ጠባብና ብዙ ጊዜ የታጠፈ ቱቦ ጭሱን ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ይገፋል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ቫልቩ ይቃጠላል። የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ ፈጽሞ አይቻልም፤ ጭሱ በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ነው የሚወጣው። ቱቦው በእንጨት ወይም በኮርኒስ የሚያልፍ ከሆነ ዙሪያውን ቢያንስ 23 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ወደ ውጭ ትንሽ ያዘቅዝቅ፤ ውስጡ የሚጠራቀመው ውሃ ወደ ሞተሩ እንዳይመለስ። ጫፉ ደግሞ በጎረቤት መስኮት ሥር አይሁን። ሐረር ጀጎል ውስጥ ቤቶቹ በግድግዳ ስለሚጋሩ የአንዱ ጭስ መውጫ የሌላው ግቢ ነው፤ እዚያ የቤንዚን ጀነሬተር መሬት ላይ ባይሠራ ይሻላል።

ሐረርን ካነሳን አይቀር፣ ጀነሬተር ገዝቶ ወደ ሐረር የደንገጎን ዳገት የሚወጣ ሰው ጉልበቱ እንደሚቀንስ ይወቅ። በየ100 ሜትር ከፍታ 1 በመቶ ገደማ ይጠፋል። በ1,200 ሜትር ገደማ ያለችው ድሬዳዋ 12 በመቶ፣ በ1,900 ሜትር ገደማ ያለችው ሐረር 19 በመቶ ይወስዳሉ። ለሐረር ካርቡራተሩ ለከፍታ የተሠራ ጠባብ ጂግለር (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ብሎን) ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ይጨምራል። ድሬ ላይ ደግሞ ሙቀቱ አለ። ከ35 ወደ 55 ዲግሪ በገባ ክፍል ውስጥ ያለ አየር በ6 በመቶ ይሳሳል፤ ሞተሩ የሚተነፍሰው ያንን ነው። ጠዋት ፍሪጁን ያስነሳ ጀነሬተር ከሰዓት ላይ እምቢ ሲል ባለቤቱ ካርቡራተር ያስፈታል፤ ካርቡራተሩ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋት የለበትም።

አቧራው ሌላው ነው። የደቻቱ ወንዝ በደረቀበት ወቅት ነፋስ ሲነሳ ደቃቁ አሸዋ የማይገባበት የለም። ገመዱ ያለበትን ላሜራ ሽፋን የያዙትን ብሎኖች ፈትታችሁ ብታነሱት በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል አቧራና ዘይት ተጋግሮ ታገኛላችሁ፤ በጥፍር ሲነኩት እንደ ደረቀ ጭቃ ይፈረፈራል፤ ከሥሩ ያለው ግን ጠንክሯል። በክንፎቹ መካከል ብርሃን ካልታየ አየርም አያልፍም። በእንጨት ስንጥር ጎርጉራችሁ በአየር ንፉት፤ ጠመንጃ መፍቻ ክንፉን ይሰብራል። ይህ በየ100 ሰዓቱ፣ በነፋሱ ወቅት በየ50 ሰዓቱ ይደረግ። ዘይቱም በ100 ሰዓት ይለወጥ፤ የአዲስ ጀነሬተር የመጀመሪያው ዘይት ግን በ20 ሰዓት።

ከ20 ኪሎዋት በላይ የሆኑት የናፍጣ ጀነሬተሮች በራዲያተር ስለሚቀዘቅዙ ሕጉ ትንሽ ይለያል። ማራገቢያቸው አየሩን ከሞተሩ በራዲያተሩ አሳልፎ ወደ ውጭ ይገፋል። ራዲያተሩና የግድግዳው ቀዳዳ በሸራ መተላለፊያ ካልተገናኙ ትኩሱ አየር ግድግዳውን መትቶ ይመለስና ዳግመኛ ይሳባል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ውሃው ይፈላል። መውጫው ከራዲያተሩ ገጽ በሩብ ወይም በግማሽ የሰፋ፣ መግቢያውም ከዚያ ያላነሰ ይሁን። የራዲያተሩ ውሃ ደግሞ የቧንቧ አይሁን። የድሬን ውሃ ማንም ያውቀዋል፤ በሻይ ማፍያ ሥር የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት በራዲያተሩ ጠባብ ቱቦዎችም ይጋገራል፤ እዚያ ግን የሚያየው ሰው የለም። ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ካልተበረዘ የራዲያተር ኩላንት ጋር እኩል በእኩል ቀላቅላችሁ ሙሉት። ክዳኑም ዋጋው ትንሽ ነው ተብሎ አይናቅ። በድሬ ክፍት ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሐረር በ94። በክዳኑ ላይ 0.9 የተጻፈበት ግፊት የፈሳሹን መፍያ ከ20 ዲግሪ ባላነሰ ከፍ ያደርጋል። ላስቲኩ ያለቀ ክዳን ይህን ሁሉ ያሳጣል። ሞተሩ እየጋለ ክዳኑን መክፈት ፊት ያስልጣል፤ ይህንንም ሠራተኞቻችሁን አስተምሩ።

ጅቡቲ ቅርባችን ስለሆነ አንድ ነገር እንጨምር። ያገለገለ የጀልባ ጀነሬተር በርካሽ የሚቀርብለት ሰው ራዲያተር እንዳለው ይመልከት። ከሌለውና በምትኩ ከባሕር ውሃ የሚስብ የነሐስ ፓምፕ ካለው፣ ለባሕር የተሠራ ነው። ፓምፑ ውስጥ ያለው የጎማ መዘውር ያለ ውሃ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆራረጣል። የጭስ ቱቦው ጎማ የሆነው የባሕሩ ውሃ ከጭሱ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚወጣበት ነው፤ ውሃው ከሌለ ጎማው ይቀልጣል፤ ጭሱም ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። ያንን ወደ ራዲያተርና ወደ ደረቅ ማርሚታ መለወጥ ይቻላል፤ ወጪው ሲሰላ ግን ከርካሽነቱ ብዙም አይተርፍም። ከጀልባ ሰዎች ልንማር የሚገባን ቤንዚን ባለበት የታችኛው ክፍል ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት ለ4 ደቂቃ ያህል አየሩን በማራገቢያ ማስወጣታቸውን ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል ይሄዳል። በእኛም ጓዳ ጀሪካኑ ከጀነሬተሩ ጋር አይደር፤ ጀነሬተሩ ጠፍቶ ሳይቀዘቅዝም ነዳጅ አይሞላ።

በ1998 ዓ.ም. ደቻቱ ሲሞላ የሆነውን ከተማው አይረሳውም። በወንዙ ዳር ያሉ መደቡን ከፍ ያድርጉ፤ የአየር መግቢያውንም ቀዳዳ በዚያው ልክ።

በመጨረሻ የምንጠይቀው የሕንፃ ፈቃድ የሚሰጠውን የከተማውን አካልና ባለንብረቶችን ነው። ሱቅ የሚያከራይ ሕንፃ ሲነደፍ የጀነሬተር ቦታ፣ የመግቢያ ቀዳዳ፣ የጭስ መውጫ በፕላኑ ላይ ይሳል። ብሎኬት ሲደረደር 50 በ60 ቀዳዳ መተው ለግንበኛ የደቂቃ ሥራ ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ተከራዩ ግድግዳ መስበር ስለማይፈቀድለት ጀነሬተሩን ይዞ የሚገባው ወደ ደረጃው ሥር ነው፤ ከደረጃው በላይ ደግሞ ሰው ይኖራል።

ከሰላምታ ጋር፣
የጀነሬተር ገጠማና ጥገና ባለሙያዎች
ድሬዳዋ